ስትናገሪ አትሳቂ

ባለፈው ሳምንት፣ ጡረታ የወጣሁበት መሥሪያ ቤት አዲስ ለተቀጠሩ ሴቶች ምክር ቢጤ ንገሪልን ብሎ ጋብዞኝ ነበር። ሴት ልጅ በሥራ ዓለም እንዴት እንደምትዘልቅ ልናገር ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ማይክሮፎኑን ስይዝ ግን ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝና የጋሸና ነፋስ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ላስታ ተመደብኩ። ሥራዬ በፍላቂት ዙሪያ ከብት መከተብ ነበር፤ የምኖረው ግን ጋሸና፣ እትዬ ዘሀራ ቤት በተከራየኋት ክፍል። እትዬ ዘሀራ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ ለእኔ በትንሽ ድስት ምስር ለብቻ ይሠሩልኛል። ስዞር ውዬ በብርድ ደንዝዤ ስገባ እሳቱ ዳር ያስቀምጡኛል፤ በእሸት ጊዜ ደግሞ የተለበለበ ገብስ አሽተው በእጄ ያስይዙኛል። ጣቶቼ መታጠፍ እስኪችሉ ድረስ ምንም አይጠይቁኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት በእንግድነት ገብቻለሁ፤ እንደዚያ የሞቀኝ ግን የለም።

ጥቅምት ላይ ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ከለከሉኝ። ሴት ልጅ በሬ ትወጋለች ወይ አሉ። ኃላፊዬ ደግ ሰው ነበሩና አዘኑልኝ፤ ላሊበላ ቢሮ ተቀምጬ የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ እንድይዝ ወሰኑ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከበቅሎ ጀርባና ከዚያ ብርድ መገላገል ነዋ።

ዕቃዬን ልሰበስብ ጋሸና ተመልሼ ወሬውን ስነግራቸው እትዬ ዘሀራ ሽንኩርት መክተፋቸውን አላቋረጡም። ቆይተው ባላቸው የሞቱ ጊዜ የሆነውን አጫወቱኝ። የባላቸው ወንድም፣ ምግብ ቤቱን እኔ ልያዝልሽ፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ ብሏቸው ነበር።

«ክፉ ሰው አልነበረም» አሉኝ። «ግን ያኔ ባርፍ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቤት የምገባው በእንግድነት ነበር። ልጄ፣ ቁልፍ መያዝ ነው እንዴ የተማርሽው?»

አይደለም አልኩ፣ ሳቅ ብዬ።

«ይኸው። አንቺ ስታፍሪ ትስቂያለሽ፤ ሰው የቀለድሽ ይመስለዋል። ሂጂና ሥራዬን መልሱልኝ በያቸው። ስትናገሪ ግን አትሳቂ። አብሽሪ፣ አይበሉሽም።»

በማግስቱ ላሊበላ ወርጄ ኃላፊዬ ፊት ቆምኩ። ሳቄ ከንፈሬ ላይ ደርሶ መለስኩት።

«ጓድ፣ የተማርኩት ከብት ማከም ነው፤ ወደ ሥራዬ ይመልሱኝ» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። የምሬን መሆኑ ሲገባቸው፣ አንድ የገበሬ ማኅበር ልሞክር፣ ካልሆነም ቢሮ ልገባ ተስማማን።

የማኅበሩ ሰዎች መጀመሪያ ያቀረቡልኝ ብትሞትም የማትቆጫቸውን አንዲት ያረጀች ላም ነበር። ከተብኳት። ላሚቱ ደህና ስትሰነብት አንድ ቄስ በሬዎቻቸውን ነድተው መጡ፤ እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። ለእትዬ ዘሀራ ስነግራቸው «አላልኩሽም?» ብለው ሌላ አልጨመሩም፤ የዚያን ቀን ግን ምስሩ ቅቤ ነበረው።

ውሎ አድሮ ለተጨማሪ ትምህርት ተላክሁ። የክትባት ቡድን መሪ ሆኜ ስመለስ የድርቁ ዘመን ሆኖ ነበር። እህል ጠፍቶ ምግብ ቤቱ ተዘግቷል። ቆላ ዘመዶቻቸው ዘንድ ወረዱ አለኝ አንድ ሾፌር፤ የትኛው ቆላ እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ለዓመታት፣ መኪናችን ጋሸና በቆመ ቁጥር፣ እየወረድኩ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ ወደ ውስጥ አይ ነበር። መሪ መሆኔን ሳይሰሙ ቀሩ።

አዳራሹ ውስጥ ይህን ተናግሬ ስጨርስ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠች ወጣት ስማቸውን ልትጽፍ ጠየቀችኝ። ዘሀራ አልኳት።

«ዘሀራ ማን?»

ያን ሁሉ ምሽት እሳት ዳር ስናወራ የአባታቸውን ስም ጠይቄያቸው አላውቅም። በዚያ ዕድሜ ሰው ሁሉ ባለበት የሚቆይ ይመስላል። አሁን ያኔ እሳቸው ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ዛሬም አንዳንድ ምሽት አንድ ነገር ሲያስጨንቀኝ የምመለሰው ወደዚያች ማጀት ነው።

ልጅቷ ብዕሯን ይዛ ትጠብቀኛለች።

«የጋሸናዋ ዘሀራ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።