እማሆይ ያነሱት ስልክ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ እየሄድኩ ነው። እህቴ ሆስፒታል ወልዳለች፤ የልጇን ፊት ለማየት ቸኩያለሁ። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ጋቢና በበሩ በኩል ተቀምጫለሁ። በእኔና በሾፌሩ መሃል ደግሞ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆሙ አንዲት መነኩሴ አሉ።

ሾፌሩ ሞላ ይባላል። ስሙን ያወቅኩት ስልክ ላይ «አዎ፣ ሞላ ነኝ!» እያለ ሲጮህ ነው። ከመናኸሪያው ከወጣን ጀምሮ ስልኩ ከጆሮው አልወረደም። አንዱን ዘግቶ ሌላውን ያነሳል። እጁ ሲደክመው በትከሻውና በጆሮው መሃል ይሸጉጠዋል... ያኔ አንገቱ ስለሚጣመም መንገዱን የሚያየው በአንድ ዓይኑ ነው።

ሰው ሁሉ ያያል። ማንም አይናገርም። እኔ ደግሞ «ወራጅ አለ» ለማለት እንኳ ድምፄ የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ።

ቁልቁለቱን ጀመርን። በቀኝ ተራራ፣ በግራ ገደል። አንዱን ኩርባ እንደታጠፍን ጭነት የያዙ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል... ለካ የገበያ ቀን ነው። ሞላ ስልክ ላይ እየሳቀ ነበር። አህዮቹን ያየው መነኩሴዋ «ልጄ!» ብለው ሲጮኹ ነው። ፍሬኑን ረገጠው። መኪናው ጠጠሩ ላይ ተንሸራቶ የመጨረሻዋን አህያ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ፍየል የተሸከመ ሰውዬ ዘሎ ቦይ ውስጥ ገብቷል። ከኋላ «እግዚኦ!» «ድንግል ድረሽልን!» የሚል ጩኸት... ሕፃን አለቀሰ።

ሞላ ሰውዬውን በእጁ ይቅርታ ጠየቀና ጉዞውን ቀጠለ። ትንሽ እንደሄድን ስልኩ ጠራ። እጁን ሰደደ...

«አታንሳው!» አልኩ። ድምፄን እኔ ራሴ አላወቅኩትም።

«ምን አልሽ?»

«ስልኩን አታንሳው። በሕግም ክልክል ነው። ማውራት ከፈለግክ አቁመህ አውራ።»

ሳቀብኝ። «እህቴ፣ እዚህ ትራፊክ የለም። ይህን መንገድ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ። ካልተመቸሽ ውረጂ።»

«እሺ። አቁም፣ እወርዳለሁ።»

የምሬን አልመሰለውም መሰል፣ ዳር ይዞ አቆመ። ወረድኩ። ነፋሱ ፊቴን መታኝ። ዙሪያው ጭው ያለ ነው። ሌላ መኪና መቼ እንደሚያልፍ አላውቅም። ‹አሁን ምን ሆኜ ነው?› እያልኩ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ።

መነኩሴዋ ወርደዋል።

«እማሆይ፣ እርስዎ ደግሞ ለምን ይወርዳሉ?»

«እኔ እንኳ ስመነኩስ ነው ለሞት የተዘጋጀሁት ልጄ... በሰው ስልክ ግን አልሞትም።»

ከዚያ የኋላው በር ተከፈተ። ሕፃን ያዘለች እናት ወረደች። ሁለት ዶሮ ያንጠለጠሉ አባት ተከተሏት። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው... ሞላ መሪውን እንደያዘ ባዶ መኪና ውስጥ ብቻውን ቀረ።

«ኧረ ግቡ! ቀልዴን እኮ ነው!»

«ስልኩስ?» አሉ ባለዶሮው።

«አጠፋዋለሁ።»

«አታጥፋው» አሉ እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው። «ለእኔ ስጠኝ። ለሚፈልግህ ሰው እኔ እነግርልሃለሁ።»

ሞላ እኛን አየ። ስልኩን አየ። የእማሆይን እጅ አየ... ሰጣቸው። ሕፃን ያዘለችው እናት እልል አለች። እየተሳሳቅን ገባን።

ብዙም ሳንርቅ ጠራ። እማሆይ አነሱት፤ እኔ ድምፁን ከፍ አደረግኩላቸው።

«ሃሎ! ሞላ እየነዳ ነው። ነፍስ ጭኗል። ሲደርስ ይደውላል።»

ደዋዩ ባለመኪናው ነበር። «እርስዎ ማን ነዎት? አገናኙኝ እንጂ!» እያለ ጮኸ። እማሆይ ወደ ኽምጥኛ ዞሩና አንድ ነገር ብለውት ዘጉት። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ከኋላ ያለው ሰው ግን በሳቅ ፈረሰ።

«ምን አሉት?» ስል ባለዶሮው ተረጎሙልኝ። «‹መኪናው ያንተ ነው፣ እኛ ግን ያንተ አይደለንም› አሉት!»

ሞላ ራሱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

ሳቁ ሳይበርድ ስልኩ እንደገና ጠራ። እማሆይ ሊያነሱት ሲሉ ከኩርባው ጀርባ አንድ ከባድ መኪና የኛን መስመር ይዞ ብቅ አለ። ሞላ በሁለት እጁ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘው... ጥሩንባ፣ አቧራ... ከባዱ መኪና የጎን መስታወታችንን ገጭቶ በአጠገባችን ሾልኮ አለፈ። ቆምን።

ሁላችንም ደህና ነን። ስልኩ እማሆይ እጅ ላይ ይጠራል። ሞላ እጆቹን ከመሪው ሳያነሳ ግንባሩን ደፋበት።

«ስልኩ እኔ ጆሮ ላይ ቢሆን ኖሮ...» አለ።

«ተመስገን በል ልጄ» አሉ እማሆይ ጀርባውን እየዳሰሱ። «በል ንዳ።»

በቀረው መንገድ የሚደውለውን ሁሉ እማሆይ አነጋገሩ። ሰቆጣ መናኸሪያ ስንደርስ ሰው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» እያለው ወረደ። ሞላ ዞሮ መጥቶ የጋቢናውን በር ከፈተልኝ።

«ውረጂ ስላልኩሽ ይቅርታ፣ እህቴ» አለኝ፤ ዓይኔን እያየ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቁመቴ ራሱ የጨመረ መሰለኝ።

ከዚያ ወደ እማሆይ ዞረ። «እማሆይ፣ እነማን ደወሉ?»

«ባለመኪናው ተቆጥቷል» አሉ ስልኩን እየመለሱለት። «ባለቤትህ ዘይት እንዳትረሳ ብላለች። ከባዱ መኪና ሲመጣብን ይደውል የነበረው ጓደኛህ ደግሞ... እንዲያው ‹ምን ትሠራለህ?› ሊልህ ነው።»

አያችሁ... ገደል ልንገባ የነበረው ‹ምን ትሠራለህ?› ለመባል ነው!