እማማ ጫልቱ ያሞቁልኝ ፈሳሽ

ዛሬ ጠዋት፣ ከስንት ቀን ዝናብ በኋላ ቡራዩ ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ባለቤቴ "ፍራሹን አውጣው፣ ፀሐይ ይምታው" አለችኝ። የጎረቤቱም ግቢ ሁሉ ወዲያው በብርድ ልብስና በበርበሬ ተሞላ። ፍራሹን አጥሩ ላይ አስደግፌ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የነሐሴ ፀሐይ ሌላውን ሰው ደስ ስታሰኝ እኔን አንድ የድሮ ነሐሴ ታስታውሰኛለች።

ያን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረው ሱሉልታ፣ እማማ ጫልቱ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። እርሳቸው እዚያው ተወልደው እዚያው ያረሱ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚያስኬዱ ሴት ናቸው። በክረምት ግቢያቸው የጭቃና የገብስ ቆሎ ሽታ አይለየውም።

የመመረቂያ ሥራዬ ለሰው ሲነግሩት ቀልድ ይመስላል፤ ለብርሃን ቦይ መሥራት። ውሃ በቦይ እንደሚሄድ፣ ብርሃንም ከፀጉር በቀጠነ የፕላስቲክ መስመር ውስጥ ተጠማዞ ይሄዳል። መስመሩን መስታወት ላይ የማትመው በትንሽ ስሪዲ ፕሪንተር ነበር። ማተሚያው ማር በመሰለ ፈሳሽ ፕላስቲክ ላይ ብርሃን ያበራል፤ ብርሃን ያረፈበት ይጠጥራል፣ ያላረፈበት ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል።

ፈሳሹ አማካሪዬ ከውጭ በሻንጣቸው ያመጡልኝ አንድ ጥቁር ጠርሙስ ብቻ ነው። እዚህ አገር አይገኝም። ዩኒቨርሲቲው ለክረምት ሲዘጋ ማተሚያውን ቤት እንድወስድ ፈቀዱልኝና "መስከረም ላይ በአንዱ ጫፍ የገባው ብርሃን በሌላው ሲወጣ አሳየኝ፤ ለቤተ ሙከራው አንተን አስቀጥርሃለሁ" አሉኝ። ከዚያ ሥራ ሌላ የማንኳኳው በር አልነበረኝም።

ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። የሱሉልታ ነሐሴ ፈሳሹን አወፈረውና መስመሮቼ እየተቆራረጡ ይወጡ ጀመር። እማማ ጫልቱ "ምነው ፊትህ ጠቆረ?" ቢሉኝ፣ "ፈሳሹ በብርዱ ወፍሮ አልሠራ አለኝ" አልኳቸው። ይህንኑ ብቻ ነው ያልኩት። ብርሃን ማየት እንደሌለበት መንገር እንዴት እንደረሳሁ ዛሬም አይገባኝም።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። እኔ ቤቱን ሳልቆልፍ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ስመለስ እማማ ጫልቱ ለሚረጋው ዘይታቸው እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ቶሎ እንዲሞቅ ብለው ፈሳሹን ሰፊ ሳህን ላይ ገልብጠው ድንጋይ ላይ አስጥተውታል። የዘይቱ ጀሪካን አጠገቡ ነው።

"ኮቱ፣ ኢልማ ኮ፣ ና ልጄ፣ እየው። ትንሽ ቢቆይ ይቀልጥልሃል" አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።

ሳህኑን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። ላዩ እንደ ጥፍር ጠጥሯል። ስሰብረው ከሥሩ አንድ ስኒ የማይሞላ ፈሳሽ ተገኘ። በጨርቅ አጥልዬ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ የመጨረሻዬን መስመር አተምኩ። ከዚያ ለመፈተሻ የያዝኩትን ቀይ የሌዘር ብርሃን በአንዱ ጫፍ አስገባሁ። ብርሃኑ ገባ፤ ግማሽ መንገድ ድረስ ሄዶ ደበዘዘና ጠፋ። ሌላው ጫፍ ጨለማ ነው። መስታወቱን አዞርኩት፣ ጫፉን ወለወልኩት፣ ደግሜ ሞከርኩ። ምንም የለም፤ የተረፈውንም ፈሳሽ ፀሐይ አበላሽታዋለች። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። የምቆጣው ሰው እንኳን አልነበረኝም።

በሩ ተንኳኳ።

"ሠራልህ?" አሉኝ እማማ ጫልቱ።

"ሠራ፣ እማማ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ይኸው! ቀድመህ ብትነግረኝ ይህን ሁሉ ቀን ባልተሰቃየህ" ብለው ሄዱ።

መስከረም ላይ አማካሪዬ መስታወቱን አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ። ወረቀት ላይ በሠራሁት ስሌት ተመረቅኩ፤ ሥራው ግን ለሌላ ሰው ሆነ። አሁን እዚሁ ቡራዩ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኑሮዬን አላማርርም፣ ግን የብርሃን ምዕራፍ ላይ ስደርስ እቸኩላለሁ፤ ተማሪዎቼም ያውቁብኛል።

እማማ ጫልቱ አርጅተዋል። ባለፈው በዓል ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ቤት ለነበረው እንግዳ ሁሉ "የዚህን ልጅ ትምህርት ያስጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ሥራው በብርድ ተይዞበት አሙቄለት" ሲሉ አብሬ ሳቅሁ። እንግዶቹ ሲወጡ ግን ጠጋ ብለው፣ "እውነቱን ንገረኝ፣ ያኔ ሠርቶልሃል? ፊትህ ደስ አላለኝም ነበር" አሉኝ።

"ሠርቷል" አልኳቸው።

እጄን ይዘው ፊቴን አጥብቀው አዩት። ብነግራቸው የሚቀለው ለእኔ ነው፤ ሸክሙ ወደ እርሳቸው ይዞራል። መሸሸጌም እንዳላሳረፋቸው ያን ቀን አየሁ። ሌላ ላደርግላቸው የምችለው ነገር ደግሞ የለኝም።