ከገደሉ የሸሸ ስልክ

ሰው ታሞባችሁ ስልክ ይዛችሁ ዳገት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፊዚክስ በማስተምርባት ከሊማሊሞ ገደል ግርጌ ባለች መንደር ወጉ እንዲያ ነበር። የደባርቅ አንቴና የሚሰማው ገደሉ አናት ላይ ብቻ ነው ተብሎ ስለታመነ፣ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ሽቅብ ይወጣል። የቄሱ ትልቋ ልጅ ምጥ ላይ ሳለች ባሏ ስልኩን ይዞ ወጣ። ዳገቱን ሳይጨርስ አረፈች።

ኋላ ታናሿ ወሯ ገባ። ቄሱ ስለዚህ ነገር ከማንም ጋር አያወሩም፤ ገደሉን ግን ቆመው ያዩታል።

በዚያ ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከዳባት እስከ ዛሪማ የሬዲዮ ሞገድ ይለኩ ነበር። አዲስ አንቴና የት ቢተከል ለጤና ጣቢያው፣ ለነጋዴውና ጨነቅ ወደሚባለው የተራራ ካምፕ ቱሪስት ይዘው ለሚወጡት አስጎብኚዎች እንደሚበጅ ለማወቅ ነው። መሣሪያ ተሸክሜ አብሬያቸው ስዞር አንድ ነገር ተማርሁ። ሞገድ ከተራራ ጫፍ ሲደርስ ጥቂቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። እገደሉ ሥር ድረስ ግን አይጎነበስም፤ እዚያ ጥላ ነው። ከገደሉ በራቅን ቁጥር ጥላው ይሳሳል።

ወደ ቄሱ ሄድሁ።

«መምሬ፣ ዳገቱን ይተዉት። ቁልቁል እንሂድ።»

«ከአንቴናው ልንሸሽ?»

«የምንሸሸው ከገደሉ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጥሪዬን ሽቅብ ነው የምልከው፤ አንተ ቁልቁል ትወስደኛለህ» አሉኝ። ቢሆንም መቋሚያቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

በየማሳው ጫፍ እየቆምን ስልኩን አየን። ምንም የለም። አውድማው ላይ ስንደርስ ኔትወርክ መጣ። ጤና ጣቢያው ደወልን፤ አነሱት። ቄሱ ቦታው እንዳይጠፋ መቋሚያቸውን እዚያው ተከሉት።

የታናሿ ምጥ ሲጀምር ባሏ ወደ አውድማው ሮጠ። በቃሬዛ ተሸክመናት አስፋልት ስንደርስ አምቡላንሱ ቆሞ ነበር። እሷም ልጇም ተረፉ።

ቄሱን እንኳን ደስ አለዎት አልኋቸው። «የታላቋ ቤት እኮ ከአውድማው አጥር ለአጥር ነበር» አሉ።

ተራራ ሥር የምትኖሩ ሁሉ፣ ሰው ሳይታመም ስልካችሁን ይዛችሁ ከገደሉ ራቁ፤ በየማሳው ጫፍ ቆማችሁ ሞክሩት። ያገኛችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ለጎረቤት አሳዩ።