አየር ላይ የቆመው ጦር

ልጅ ሳለሁ ጀግና ማለት ስም ሳይጠይቅ የሚመታ ሰው ይመስለኝ ነበር። አባቴ በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉባት ትንሽ ሆቴል ነበረችው። የሆቴሏ ዘበኛ አባ ጋልጋሎ ድርቅ ግመሎቹን ከጨረሰበት በኋላ ከጎልቦ ቆላ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ያኔ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ መኪኖቹ በሚቆሙበት ግቢ ጥግ የግራር ግንድ ያነድና፣ ጭሱ ከናፍጣው ሽታ ጋር እየተቀላቀለ ዓይናችንን ሲቆጠቁጠን፣ እኛን የሰፈር ልጆች በእሳቱ ዙሪያ አስቀምጦ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ተረት ይነግረን ነበር።

ተረቶቹ ሁሉ ስለ አንድ ጎበዝ ነበሩ። ብቻውን ሃያ ሰው ይጥላል፤ ግን ቁጡ ነው፣ መሞገስ ይወዳል፣ ሲያፍር ይዋሻል። አባ ጋልጋሎ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረው፤ ጎበዙ ጦሩን ባነሳ ቁጥር ተረቱ ይቆማል። ከእኛ አንዱ የሚመታውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ ቤት ማን እንደሚጠብቀው መናገር አለበት። ካልተናገርን ጦሩ አይወርድም።

ይህ ሕግ ያንገበግበኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ምሽት ተራዬ ሲደርስ፣ «ማንም አይደለም አባ፣ ሌባ ነው! በቃ ይውጋው!» አልኩ።

«የማን ልጅ ነው?»

«የማንም!»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ፍሙን በእንጨት ገፋ አደረገና፣ «እንግዲያው እዚያው ይቁም፣ ኢንታላ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነበር። «በእኔ እሳት ዳር የማንም ያልሆነ ሰው አይሞትም።»

ጦሩ ሦስት ምሽት አየር ላይ ቆመ። ልጆቹ «አንቺ ግትር፣ አንድ ስም ብለሽ ገላግይን!» እያሉ አኮረፉኝ። እኔም እልህ ያዘኝ። በአራተኛው ቀን የወንድሜን ወንጭፍ ይዤ ወደ ቡቲዬ መንደር በሚወስደው መንገድ ካለው ኩሬ አጠገብ ቋጥኝ ላይ ወጣሁ። ከታች ሴት ልጆች ፍየል ያጠጡ ነበር። «ጎበዙ እኔ ነኝ! ጦሩ ይውረድ!» ብዬ ድንጋዩን ለቀቅሁት። ላስደነግጣቸው ብቻ ነበር። አንዷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ አለች፤ በጣቶቿ መሃል ደም ወረደ። አልጮኸችም። የጮኹት ፍየሎቹ ነበሩ።

ክሊኒክ ወሰዷት። ዓይኗ ይድን እንደሆነ በሳምንት ይታወቃል ተባለ። አባቴ ሽማግሌዎች ይዞ ቤተሰቧን ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ እኔን ቤት አስቀረኝ። በዚያ ምሽት ልጆቹ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። አባ ጋልጋሎ ተረቱን ካቆመበት ቀጠለ።

«ጦሩ ወረደ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ማን ላይ?»

«ዳኪ» አልኩ። ስሟን የሰማሁት በዚያው ቀን ነበር።

«የማን ልጅ?»

«የዋቆ።»

«ቤት ማን ይጠብቃታል?»

አላውቅም ነበር።

«ሄደሽ ጠይቂ። የቀረውን ስትመለሺ እነግርሻለሁ።»

አልሄድኩም። ፈራሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ዓይኗ መጥፋቱ ተሰማ። አባቴ ናይሮቢ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባኝ፤ ከዚያ ባሕር ተሻግሬ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀረሁ። አባ ጋልጋሎ ተረቱን ሳይጨርስልኝ ሞተ። ብዙ መጽሐፍ አነበብኩ፤ ስለ ጀግናው ቁስል መቶ ገጽ የሚጽፉ ሁሉ፣ እግሩ ሥር ለወደቀው አንድ መስመር ይሰስታሉ። የእኔም ጸጸት ከዚያ አልተሻለም፤ ስለ ራሴ ብቻ ሳለቅስ ኖርኩ።

ዘንድሮ ተመለስኩ። ትናንት ከሰዓት በኋላ የወንድሜ የልጅ ልጅ ሊሊ ፊልም ታይ ነበር። ዛሬ ጀግና ጉድለት እንዲኖረው ፋሽን ሆኗል፤ ይጠጣል፣ ስለ ሞተችው እናቱ ይተክዛል፣ ከዚያ አንድ ጠላት ለመያዝ ሰፈር ያፈርሳል። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሕንጻ ተናደ።

«እዚያ ውስጥ እነማን ነበሩ?» አልኳት።

«ማንም፣ እማማ» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «እሱ እኮ ጥሩ ሰው ነው፤ ትንሽ ይናደዳል እንጂ።»

ሪሞቱን ነጥቄ አቆምኩት። የጀግናው ቡጢ አየር ላይ ቀረ።

«ስም ስጪያቸው።»

«ውይ እማማ! ፊልም እኮ ነው! ልቀቂው!»

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ግን «ማንም» የሚለው ቃል የእኔ ነበር። ሪሞቱን ጭኗ ላይ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ቦዳቦዳ አስቆምኩ።

«ወዴት ነው፣ ማማ?» አለ ሞተረኛው።

«ቡቲዬ። የዋቆ ልጅ፣ ዳኪ ቤት።»

ትንሽ አሰበ። «አንድ ዓይናዋ ዳኪ?»

ያኔ በዚያ እሳት ዳር፣ ለሚወድቀው ሁሉ ስም ማውጣት የእኛ ሥራ ነበር። እኔ ያወጣሁላት ይህ ነው፤ አገሩ ሃምሳ ዓመት በዚሁ ሲጠራት ኖሯል።

«አዎ፣ እሷ» አልኩትና ከኋላው ወጣሁ። ቤት ማን እንደሚጠብቃት አሁንም አላውቅም ነበር።