የሶባው ኮምፒውተር

ሙያውን ያስተማሩኝ አንድ ሱዳናዊ መሐንዲስ ናቸው። ኡስታዝ ነበር የምላቸው። ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ ለክሊኒኮችና ለፋርማሲዎች ሶፍትዌር በሚሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ከወሎ የመጣችው እናቴም እዚያው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ልጇ ቢሮ መግባቷን ለማያውቃት ሰው ሁሉ ታወራ ነበር።

ፕሮግራማችን በየደንበኛው ኮምፒውተር ላይ እንደ አዲስ ይገነባል። የደንበኞቻችን ማሽን ደግሞ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ስለዚህ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት፣ ማሽኑ የሚያስፈልገን ነገር እንዳለው የሚያጣራ አጭር ስክሪፕት ያስፈልጋል። እሱን እንድጽፍ ሲሰጠኝ ኡስታዝ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ በሲስተሙ የቨርዥን ቁጥር አትተማመኚ» አሉኝ። «ቁጥሩ አሮጌ ሆኖ ውስጡ የታደሰ ሞልቷል። የምትፈልጊውን ፈንክሽን የሚጠራ ሁለት መስመር ኮድ ጻፊና እዚያው ማሽኑ ላይ ሞክሪው። ከሠራ አለ፤ ካልሠራ የለም።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ለወራት ማንም ደንበኛ አላማረረም።

ከዚያ ሙዲሩ፣ የቢሮው አለቃ፣ አዳዲስ ኮምፒውተር ማስመጣትና መሸጥ ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ሥራዬን ስከፍት ሙከራዎቼ በሙሉ ተሰርዘዋል። በቦታቸው የገባው ቁጥሩን ብቻ አይቶ፣ ከተወሰነ ቨርዥን በታች ያለውን ማሽን ሁሉ አልቀበልም ብሎ የሚመልስ መስመር ነው። የቀየሩት ኡስታዝ ነበሩ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ሙዲሩ አዞኝ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ።

ብዙም ሳይቆይ ሶባ ካለ ክሊኒክ አንዲት ፋርማሲስት ደወለች። አዲሱን ፕሮግራም ልትጭን ብትሞክር «ማሽንዎ አሮጌ ስለሆነ ይቀይሩ» አላት። ከሱቅ ዐረቢ መናኸሪያ ሀፍላ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ተጨናንቄና በላብ ተጠምቄ ደረስኩ። ያቺን መስመር አውጥቼ የድሮ ሙከራዬን መለስኩ። የምንፈልገው ፈንክሽን ማሽኑ ላይ ነበር። ፕሮግራሙም ተገንብቶ ያለ ችግር ተነሣ።

«ታዲያ ለምን አዲስ ግዙ ይለናል?» አለች ሴትዮዋ።

«ስህተት ነው» አልኳት። ስህተት እንዳልሆነ እያወቅሁ።

በማግስቱ ሙዲሩ የሶባውን ነገር ሰምቶ ኡስታዝንና እኔን ጠራን።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ።

«ማሽኑ ይሠራል። አሮጌው ቁጥሩ ብቻ ነው። ኡስታዝን ጠይቃቸው፣ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ።»

ዞሮ አያቸው። ኡስታዝ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

«የሚያስተማምነው ቁጥሩን ማየት ነው» አሉ። «ልጅቷ ገና ልምድ ይጎድላታል።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ ሙዲሩ።

ለእናቴ ቢሮው ተዘጋ አልኳት። የምትሠራበት ቤት ከቢሮው ሁለት በር አልፎ ስለነበር፣ በማግስቱ ስታልፍ ክፍት መሆኑን ሳታይ አልቀረችም። ስለ ሥራዬ ለሰው ማውራቷን ከዚያ በኋላ ተወች።

ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሥቶ ከበተነን በኋላ ኡስታዝ ከካይሮ ደወሉልኝ። ድምፃቸው አርጅቷል። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ እናቴ ጠየቁ፤ ያንን ቀን አላነሱትም።

«አንቺ ባለሽበት የሚሠራ ነገር ይገኝ ይሆን፣ ያ ቢንቲ?»

«ኢንሻአላህ፣ ኡስታዝ» አልኳቸው።

ካርቱም ለኖረ ሰው የትኛው ኢንሻአላህ እምቢታ እንደሆነ መነገር አያስፈልገውም። ስልኩን ቀድመው የዘጉት እሳቸው ናቸው።