ኳሷን መጠየቅ ያቃተው ኤቬኖር

ኤቬኖር ሳልጋዶ በቺናንዴጋ ከተማው «ሸንኮራ ቆራጮች» የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላው ኳስ ወርዋሪ ያበላሸውን ሲያቃና ኖረ። ጨዋታውን የሚጀምረው ሌላ ነው፤ ፎቶ የሚነሳውም፣ ኮረዶች የሚያጨበጭቡለትም ያው ጀማሪው ነው። ኤቬኖር የሚጠራው ዱላ የያዙት የተጋጣሚ መቺዎች ያንን ጀግና እንደ ተልባ ከወቀጡት በኋላ ነው፤ ልክ ባልና ሚስት ሳህኑን ሁሉ ሰባብረው ከጨረሱ በኋላ እንደሚጠራ ሽማግሌ። ጨዋታውን ካዳነ በማግስቱ ስሙን የሚያነሳ የለም። ካላዳነ ግን እናቱን ከመቃብር ቀስቅሶ የማይሰድብ የቺናንዴጋ ሰው አይገኝም። «እሳት አጥፊው» ይሉት ነበር። አንዲት ጎረቤቱማ ነገሩን ከልቧ አምና ወጥ ቤቷ ሲቃጠል ለእሱ ደወለች። በባልዲ እየሮጠ ደረሰ፤ እሳቱን አጠፋ፤ ለምሳ የጣደችውን ባቄላም አብሮ አጥለቀለቀው።

ወደ ጉብታው ሲሮጥ ግን የሚያየው ጫማውን ብቻ ነበር። ወርዋሪው በሚቆምባት በዚያች የአፈር ጉብታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ኳሷን አስረክቦ ይወርዳል፤ ኤቬኖር የዚያን ሰው ፊት አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየም። የእሱ እንጀራ የሚበስለው በሌላው ውርደት መሆኑን ያውቃልና ያን ፊት ከአባጨጓሬ ይልቅ ይፈራው ነበር።

ክንዱ አርጅቶ የወርዋሪዎች አሰልጣኝ ሲሆን ጉድ ፈላ። የአሰልጣኝ ሥራ ምንድን ነው? ወርዋሪው ሲደክም ረጋ ብሎ ጉብታው ላይ መውጣት፣ እጅ መዘርጋት፣ «ኳሷን ስጠኝ» ማለት። ኤቬኖር መውጣቱን ቻለበት። እዚያ ሲደርስ ግን ይሉኝታ ይይዘውና ስለ ዓሣ ማውራት ይጀምራል። በኮሪንቶ ወደብ ዓሣ እንዴት እንደተወደደ፣ ሚስቱ ኢስሜልዳ እንዴት እንደተማረረች አውርቶ፣ የወርዋሪውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ደግነቱ ጨዋታው ሕግ አለው። አሰልጣኝ በአንድ ዙር ውስጥ ያንኑ ወርዋሪ ለማነጋገር ሁለተኛ ጊዜ ከወጣ፣ ወርዋሪው ወደደም ጠላም ይቀየራል። ኤቬኖር ይህችን ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ትእዛዝ በላይ አከበራት። ነገሩ ሲበላሽ ሁለተኛ ይወጣል፤ ዳኛው «ቅያሬ!» ይላል፤ እሱም «ምን ላድርግልህ ወንድሜ፣ ሕግ ነው» ብሎ እጁን ይታጠባል። ክፋቱ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ጉዞ መካከል ተጋጣሚው ሜዳውን እንደ ገበያ ይመላለስበታል። ቡድኑ በዓሣ ምክንያት ሲሸነፍ ከረመ።

የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ዕለት ዋናው አሰልጣኝ ዶን ኤርሞሄኔስ ጠሩት።

«ዛሬ የሚወረውረው አበልጅህ ባያርዶ ነው።»

«አዎ፣ ዶን ኤርሞሄኔስ።»

«ሲደክም ትወጣለህ፤ ኳሷን በአፍህ ትጠይቃለህ፤ ይዘህ ትመጣለህ። ሕጉ ካወጣው ግን አንተንም አብሮ ያወጣሃል። ዓሣህን ቤትህ ቁጭ ብለህ ትጠብሳለህ።»

ባያርዶ በከተማው ከከንቲባው በላይ የሚከበር፣ የኤቬኖርን ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። እስከ ስድስተኛው ዙር ማንንም አላስነካም። ሙቀቱ ሰይጣን ራሱ ጥላ ፈልጎ የሚቀመጥበት ዓይነት ነበር። በስምንተኛው ዙር፣ ሸንኮራ ቆራጮች በአንድ ነጥብ እየመሩ፣ ሁለት የተጋጣሚ ሯጮች ወደ ነጥብ በሚያደርሱት ማረፊያዎች፣ ቤዝ ላይ ቆሙ። ኤቬኖር ተነሳ። ጉብታው ቅርብ ነው፤ ለእሱ ግን ኮስታሪካ ደርሶ የመመለስ ያህል ራቀበት።

«እህ፣ አበልጄ» አለው ባያርዶ፣ በጓንቱ አፉን ሸፍኖ፣ «ዓሣ ዛሬ ስንት ገባ?»

«ኧረ ተወኝ... ኢስሜልዳ ደግሞ...»

«እኔን! እኔን በዓሣ ልትሸኘኝ?» ባያርዶ ኳሷን ከጀርባው ደበቀ። «ተመለስና ቁጭ በል እንጂ። ከዚያ እንደገና ና፤ ዳኛው ያባርረኝ። በእነዚያ ልጆች ላይ እንደምታደርገው። ልጅህን የታቀፍኩት ሰውዬ ከመሬት አፈር አነስኩብህ?»

ዳኛው «ጨርሱ እንጂ! ሰርግ ነው እንዴ?» እያለ መጣ።

ኤቬኖር ለመመለስ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ቢመለስ አበልጁን በአፉ ከማውረድ ለጊዜው ይድናል፤ ሥራውም ለጊዜው አይሄድበትም። እግሩን አስቀመጠና ቀና አለ። ያ ሲፈራው የኖረው ፊት ይኸው፤ የተዋረደ ሳይሆን የደከመ፣ የተናደደ፣ አቧራ የለበሰ የአበልጁ ፊት።

«ከስድስተኛው ዙር ጀምሮ ክንድህ ዝሏል» አለው። «የምትወረውረው በትከሻህ ነው። አይቻለሁ፤ አይቼ ዝም አልኩ። እነዚህን ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። አሁን ኳሷን ስጠኝ።»

ባያርዶ ኳሷን ከጀርባው አወጣ። ከዚያ የኤቬኖር መዳፍ ላይ ጥፊ በሚመስል አመታት አሳረፈለትና ወረደ።

ተተኪው የወረወራት የመጀመሪያ ኳስ ተመታች። አንዱ ሯጭ ሮጦ ነጥብ አስገባ፤ እኩል ሆኑ። ስታዲየሙ ተናወጠ። የኦቾሎኒ ልጣጭ እንደ በረዶ ወረደ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ኤቬኖር፣ አንተ አህያ! ባያርዶን የሚያክል ሰው ይወጣል?» እያለ ጮኸ። ዶን ኤርሞሄኔስ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ለኤቬኖር አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት።

ከአግዳሚው ጫፍ ባያርዶ፣ ትከሻው ላይ በረዶ እንደታሰረ፣ ብድግ አለ።

«አንተ ቦርጫም! እሱን አህያ የማለት መብት ያለኝ እኔ ነኝ! አንተ ምኑ ነህ?»

ሰውዬው ደንግጦ ከአጥሩ ወረደ። ባያርዶም መብቱን ሊጠቀም ወደ ኤቬኖር ዞረና በአህያ ጀመረ፤ በቅሎውን፣ ዓሣውን፣ የኤቬኖርን አያት ሳይቀር እየጠራ ጨዋታው እስኪያልቅ አላረፈም። ኤቬኖርም ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል ሁሉንም አዳመጠለት።