ሐጅ ዩሱፍ መብራት ያጠፋለት ኮከብ

ጦይባ ካርቱምን የለመደችው በሰው ቤት ነው። እንደ አብዛኞቹ የወሎ ሴቶች በገዳሪፍ በኩል ገብታ፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር በኡስታዝ አብዱልወሃብ ቤት ልብስ ስታጥብና ወለል ስትወለውል ኖረች። ኡስታዝ ዕድሜያቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ ጡረታ ሲወጡ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር መነጽር ቤት የከፈቱ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ሱቁን እንድታጸዳ ይዘዋት ሄዱ። እሷ ግን መጥረጊያዋን እንደያዘች መስታወት መሞረጃው አጠገብ ተተክላ ቀረች።

«ምን ሆንሽ ያ ቢቲ፣ ልጄ?» አሏት።

«እኔም ልሞክረው?»

ሳቁ። ከዚያ «ያላ!» ብለው ወንበሩን ለቀቁላት። ስንቱን መስታወት ስታበላሽ እንደከረመች እሷና እሳቸው ያውቃሉ። ውሎ አድሮ ግን የሱቁ ሞራጅ ጦይባ ሆነች፤ መጥረጊያውም ለሌላ ሰው ተላለፈ።

ኡስታዝ አንድ የቆየ ፍቅር ነበራቸው፤ ሰማይ። በፈረንጆቹ 1994 መግቢያ ላይ፣ ሱቅ ሲዘጉ፣ በዚያ ሰሞን አንድ ጅራታም ኮከብ እንደሚመለስ ነገሯት።

«ኤንኬ ይባላል። መጀመሪያ ያየው ሰው ስም እንዳይመስልሽ። መንገዱን አስልቶ ‹ይሄ ያው የድሮው ነው፣ ደግሞም ይመለሳል› ያለው ሰው ስም ነው። ሦስት ዓመት አለፍ ሲል ፀሐይን ዞሮ ይመጣል።»

«በቀጠሮ?»

«በቀጠሮ።»

«ይገርማል! ካርቱም ውስጥ ሀፍላ አውቶቡስ እንኳ ቀጠሮ አያከብርም።»

ያን ሰሞን አርካዊት ጣሪያ ላይ ወጥተው በኡስታዝ አቅርቦ ማያ መነጽር ሰማዩን ቢያስሱ፣ የሰሜኑ ነፋስ አቧራውን አንሥቶ ከተማውን አለበሰው። ኮከቡ መጥቶ ሄደ። በ1997 ሲመለስ ደግሞ የአቧራ ማዕበሉ የሀቡብና የዝናብ ወራት ገጠመው። በ2000 ከፀሐይ ጉያ አልወጣላቸው አለ። በዚህ መሐል ጦይባ ሙሐመድአወል የሚባል የአገሯን ልጅ፣ የሀፍላ ሾፌር አግብታ ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር ገባች። የኡስታዝም ጉልበት ደከመ፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ኢንሻአላህ በ2003፣ ኅዳር ላይ። ያኔ ወደ እኛ ቀረብ ብሎ ነው የሚያልፈው።»

«እንግዲያው ይቺ መነጽር አትበቃንም። ትልቅ ቴሌስኮፕ ያስፈልገናል፤ መስታወቱን እኔው እሠራዋለሁ።»

 ኡስታዝ ወረቀት አውጥተው የመስታወቱን ጎድጓዳነት ያሰሉ ጀመር።

ከኦምዱርማን ገበያ የተሰበረ የሱቅ መስኮት ወፍራም መስታወት ገዛች። ሁለት ክብ አስቆርጣ አንዱን በርሜል ላይ አጣበቀች፤ በላዩ የመሞረጃ ዱቄት በውሃ እየነሰነሰች በሌላው ትፈገፍገው ገባች፤ በርሜሉን እየዞረች። ከሥራ መልስ ይሄው ነው። አንዴ እያለሰለሰች ሳለ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ሾልካ ገባችና መሐሉን ጫረችው። ጦይባ በርሜሉን ተደግፋ አለቀሰች። ሙሐመድአወል ሻይ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠላት። በማግስቱ ከወፍራሙ ዱቄት እንደገና ጀመረች።

ሁለተኛው ሠመረ። ፊቱን እንዲያንጸባርቅ ብር የቀባላት ኦምዱርማን ያለ መስታወት ሠሪ ነው። የቴሌስኮፑ ቱቦ ከወፍራም የውሃ ቧንቧ ተሠራ፤ መቆሚያውን ሙሐመድአወል ከጣውላና ከአሮጌ ኩሺኔታ ገጣጠመው። ጣሪያ ላይ ሲያወጡት የመንገዱ ባለሱቅ ሳሊህ ከታች ሆኖ ተጣራ።

«ያ ጦይባ! መድፍ ነው ወይስ ሻወር ልታስገቢ ነው?»

ሰፈሩ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ረመዳን ኅዳር ላይ ዋለ። ካርቱም ሁለት ካለ ኢንተርኔት ቤት ኮከቡ በየምሽቱ የት የት እንደሚሆን አሳትማ ወረቀቱን በኪሷ ይዛለች። ጨረቃዋ ዘግይታ መውጣት ስትጀምር፣ ካፈጠረች በኋላ በየቀኑ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ችግሩ ሳሊህ ነው። ለረመዳን ብሎ ሱቁን በባለቀለም አምፖል ከዳር እስከ ዳር አስጊጦታል፤ ያ ሁሉ ብርሃን ሰማዩን ያነጣዋል። ደጋግማ ፈለገች፤ ምንም የለም። ሙሐመድአወልም «ተይው በቃ፣ እሱ ለእኛ አልተጻፈም» ማለት ጀመረ።

አንድ ምሽት፣ ሰዉ ገና ከማዕዱ ሳይነሣ፣ ካህረባው ጠፍቶ መብራቱ ሁሉ ድርግም አለ። መንገዱ በሙሉ «ዋይ!» ሲል ጦይባ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ቱቦውን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙራ፣ በወረቀቱ ላይ ካለው ቦታ ጀምራ ቀስ እያለች አሰሰች። አንድ ነገር ዓይኗን ጠለፋት። ኮከብ አይደለም። ብርድ ቀን ከአፍ የወጣ ትንፋሽ የመሰለ፣ ክብ፣ ፈዛዛ ጭጋግ።

«ሙሐመድአወል! ና! መጣ!»

ዓይኑን አስጠግቶ ብዙ ቆየ። «ይቺ ናት? ጅራቱስ?»

«አይታይም።»

«ወላሂ ጦይቤ፣ ለዚች ነው በርሜል ስትዞሪ የኖርሽው?»

አልተቀየመችውም። ገፋ አድርጋው ራሷ እንደገና አጎነበሰች። መብራቱ ሲመጣ ጭጋጉ ጠፋ፤ እሷ ግን አይታዋለች።

በነጋታው ሳሊህ ሱቅ ሄደች።

«ኮከቤን አገኘሁት። ትናንት ከሁለት ትናንሽ ኮከቦች መሐል ነበር። ዛሬ እዚያ አይኖርም፤ ወደ ፀሐይ መግቢያው ወርዶ የሚያድርበትን ቦታ አሁኑኑ በወረቀት ምልክት አደርግልሃለሁ። መብራትህን ለትንሽ ጊዜ አጥፋና ራስህ እይ።»

«ያልሽበት ባይገኝስ?»

«ቱቦውን ሻወር አድርገው።»

ሳሊህ ከት ብሎ ሳቀ። «ከተገኘ ግን፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እስኪሄድ ድረስ አምፖሌን በየምሽቱ አጠፋለሁ።»

ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሳሊህ መብራት ጠፋ። ይሄን ሊያይ ግማሽ ሰፈር ተሰብስቧል። ጦይባ መጀመሪያ የትናንቱን ቦታ አሳየችው፤ ሁለቱ ኮከቦች አሉ፣ መሐላቸው ባዶ ነው። ከዚያ ቱቦውን ወደ ምልክቷ አወረደችው። ሳሊህ አጎንብሶ አየ። ወረቀቱን አየ። ደግሞ አጎነበሰ።

«ሱብሃነላህ» አለ በዝግታ። ወዲያው ወደ መንገዱ ዞሮ ጮኸ፤ «እናንተ! መብራታችሁን አጥፉ! ሁላችሁም! ሴትዮዋ ያለችው ቦታ ላይ ነው!»

አንድ በአንድ አምፖሉ ጠፋ። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ያቺ አንዲት መንገድ በፈቃዷ ጨለመች፤ ሴቶቹም እልል አሉ።

በሚቀጥለው ምሽት ሙሐመድአወል ኡስታዝን በሀፍላው አመጣቸው። ሳሊህና ጎረቤቶቹ ከነወንበራቸው ተሸክመው ጣሪያ ላይ አወጧቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን አስጠግተው ቱቦውን ቀስ አድርገው አስተካከሉት።

«ድምቀቱን እንለካ» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ለብቻሽ፣ እኔም ለብቻዬ።»

አለካኩን እሳቸው ናቸው ያስተማሯት። ድምቀታቸው የታወቀ ኮከቦችን፣ የጅራታሙን ኮከብ ጭጋግ እስኪያህሉ ድረስ ምስላቸውን አደብዝዞ አስፍቶ ማመዛዘን ነው። ከጭጋጉ በላይና በታች ካሉ ሁለት ኮከቦች ጋር እያስተያዩ ተራ በተራ ተመለከቱ። ከዚያ ኡስታዝ «በይ፣ እኩል እንናገር» አሉ።

«ከላይኛው ደብዘዝ፣ ከታችኛው ግን በጥቂቱ ደመቅ!»

ሁለቱም ያሉት አንድ ነው። ኡስታዝ እጇን ይዘው ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ልኬታቸውን በሁለቱም ስም ጅራታም ኮከቦችን ለሚከታተሉ ሰዎች በኢሜይል ላኩት። «ደርሶናል፣ ከሌሎቹ ጋር ይገጥማል፣ ከካርቱም ቀጥሉ» የሚል መልስ መጣ። ቀጠሉም፤ ምሽት በምሽት እየደመቀ ወደ አድማሱ ሲወርድ ተከተሉት።

የዒድ ጨረቃ በምትጠበቅበት ምሽት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ቆመ። ቀጭኗ ጨረቃ ታየች፤ ተክቢራው ከመስጊድ መስጊድ ተቀባበለ። ሰው መሳሳም ሲጀምር ሳሊህ ከታች ወደ ጣሪያው ተጣራ።

«ሲት አን-ኑጁም! የከዋክብት እመቤት! የእኛ ታይታለች፤ ያንቺስ?»

ጦይባ ቱቦዋን አቅንታ፣ ሰማዩ እስኪጠቁር ታገሰችና እጇን ወደ ላይ አነሣች።

«አለ! ኑ ውጡ፣ ሁላችሁም ኑ!»

ደረጃው በሰው ተሞላ።